ጨለለቃ ላይ ወፍ ስትቆጥሩ

ወፍ መቁጠር የምትለማመዱት ቤታችሁ ውስጥ፣ በሰፌድ ነው። ሁለት እፍኝ ሽምብራ ሰፌድ ላይ በትኑ፤ አምስት ሰከንድ ብቻ አይታችሁ በነጠላ ሸፍኑት። ስንት ነው? ግምታችሁን ወረቀት ላይ ጻፉና አንድ በአንድ ቁጠሩት። እኔ ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔን አምነው ነበር። የመጀመሪያው ቀን 300 ብዬ የጻፍኩት ሽምብራ ሲቆጠር 470 ሆነ። አብዛኛው ጀማሪ አሳንሶ ነው የሚገምተው፤ ብዛቱ ሲጨምር ስህተቱም ይብሳል። ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ብትሞክሩት ዓይናችሁ ወደየት እንደሚያጋድል ታውቃላችሁ። ሽምብራውንም ቆልቶ መቃም ነው።

ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ይካሄዳል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጥምቀት በፊት ያሉት ቀናት ናቸው። ያን ጊዜ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰሜን የመጡት ወፎች ጉዟቸውን ጨርሰው በአንድ ቦታ የሚረጉት ያኔ ስለሆነ፣ አንዱ ወፍ ሱዳንም ኢትዮጵያም የመቆጠሩ ዕድል ይቀንሳል። መሳተፍ የፈለገ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ያነጋግር።

እኔ የምቆጥረው ቢሾፍቱ፣ ጨለለቃ ሐይቅ ነው። ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ዝናብ ባነሰበት ዓመት ይሸሻል። ለግራጫው ክሬን ግን የሚመቸው ይኸው ነው። ክሬን ስል ግንበኞች የሚጠቀሙበት ማሽን እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያውም ስሙን ከወፉ የወሰደው ማሽኑ ነው። አሁን አሁን ከሐይቁ ዳር ሆኜ ቀና ስል ሁለቱንም ባንድ ላይ አያለሁ። ወፉ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ በሚነካ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል፤ ጅብ ወይም ቀበሮ ቢመጣ የውሃው ድምፅ ይቀሰቅሰዋል። ቀን ቀን ታጭዶ ባበቃ የጤፍ ማሳ ላይ ሲለቅም ይውላል። መሣሪያ ታስሮላቸው በሳተላይት ከተከታተሏቸው መካከል ከኢስቶኒያና ከፊንላንድ ተነስተው እዚህ አገር የከረሙ አሉ፤ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው።

ክሬኑን ሽመላ ነው እያሉ የሚጽፉ ስላሉ ልዩነቱን ልንገራችሁ። ሽመላ ነጭ ነው፣ ክንፉ ጥቁር፣ ድምፅም የለውም፤ ምንቃሩን ብቻ ያንቀጫቅጫል። ክሬን ግራጫ ሆኖ ሩቅ የሚሰማ የመለከት ድምፅ አለው። ሳቢሳ ደግሞ ሲበር አንገቱን ያጥፋል፤ ሁለቱ ግን ዘርግተው ነው የሚበሩት። ከዳክዬዎቹ መካከል ምንቃሩ እንደ ጭልፋ የሰፋውን መጀመሪያ ልመዱት፣ አያሳስትም። «ይብራ» ብላችሁ ብቻ እንዳትጽፉ፤ ባገራችን ይብራ የማይባል የውሃ ወፍ ጥቂት ነው። የምታውቁትን ሳይንሳዊ ስም ጻፉ፣ ካላወቃችሁት «ያልተለየ ዳክዬ» በሉ። ይህ አያሳፍርም።

ዕቃው ብዙ አይደለም። 8 በ42 የሆነ (ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሰፋ) ባይኖኩላር ይበቃል፤ ባለሦስት እግር ቴሌስኮፕ የሚያውሳችሁ ካገኛችሁ ግን እንቢ አትበሉ። እርሳስ ያዙ፣ እስክሪብቶ ጤዛ ያበላሸዋል። ከሁሉም በላይ የሚጽፍላችሁ ሰው ይኑር። እኔ የጎረቤቴን ልጅ ይዤ እወጣለሁ፤ ዓይኔን ከመነጽሩ ሳላነሳ «ክሬን አርባ» ስላት እሷ ትጽፋለች። ብቻውን የወጣ ሰው ሊጽፍ ባጎነበሰ ቁጥር የት እንደደረሰ ይጠፋዋል።

ዳክዬ የሚቆጠረው ጠዋት፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን ነው፤ ፊት ለፊታችሁ ከሆነች ሁሉም ወፍ ጥቁር ጥላ ነው። በዓይናችሁ አሥር ወፍ ቁጠሩና ምን ያህል ቦታ እንደያዘ አስተውሉ፤ ያንን መጠን እንደ ቁና ይዛችሁ ከግራ ወደ ቀኝ መንጋውን ስፈሩት። መንጋው ትልቅ ከሆነ ቁናውን ወደ 50 ወይም 100 አሳድጉት። አቅጣጫ አትቀይሩ። ሁለት ጊዜ ስፈሩ፤ ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ሦስተኛ ድገሙ እንጂ የሚያምረውን አትምረጡ።

ክሬኑን ግን ማታ ወደ ማደሪያው ሲገባ ነው የምቆጥረው። ከ11 ሰዓት በፊት ደርሳችሁ ቁጭ በሉ። በቡድን በቡድን ይመጣሉ፤ እያንዳንዱን ቡድን ገና በአየር ላይ ሳለ ከሰዓቱና ከመጣበት አቅጣጫ ጋር ጻፉ። መጨረሻዎቹ የሚገቡት ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያስቸግር ስለሆነ ቶሎ አትነሱ። ያረፉትም አንዳንዴ ተነስተው ተመልሰው ያርፋሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት ላይ እኔ ይህን አላወቅኩም። ውሻ ከተኙበት አስነሳቸውና አንድ ዙር ዞረው ሲያርፉ አዲስ የመጡ መስለውኝ ደግሜ ቆጠርኳቸው። የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ እነዚህኮ ቅድም የነበሩት ናቸው» ባትለኝ ኖሮ ቁጥሬ እጥፍ ሆኖ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማደሪያው የሚነሳውንና ከውጭ የሚገባውን በሁለት ዓምድ ነው የምናሰፍረው።

ጊዜ ካላችሁ ጫጩቶቹን ለዩ። ትልቁ ክሬን ጥቁርና ነጭ አንገት፣ አናቱ ላይም ቀይ አለው፤ የዓመቱ ልጅ ጭንቅላቱ ቡናማ ነው። ከመቶው ስንቱ ልጅ እንደሆነ ማወቅ በሰሜን ያለው የመራቢያ ወቅት እንዴት እንደነበር ይናገራል።

አንድ ወፍ እግሩ ላይ ተመራማሪዎች ለመለያ ያሰሩለት ባለቀለም ቀለበት ካያችሁ ቆጠራውን ጨርሳችሁ ተመለሱበት። ስልካችሁን ከቴሌስኮፑ ዓይን ላይ ለጥፋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቀለሞቹን ከላይ ወደ ታች ጻፉ። ቀኝና ግራ የምትሉት የወፉን ነው፣ የእናንተን አይደለም። ዩሪንግ የሚባለው የአውሮፓ የወፍ ቀለበት ድርጅቶች ኅብረት በድረ ገጹ መልእክታችሁን ይቀበላል። ጀርባው ላይ መሣሪያ ያሰረ ወፍ አግኝቶ የሚደነግጥ ሰውም አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ግብፅ፣ ቄና አካባቢ አንድ ሽመላ በስለላ ተጠርጥሮ ታስሮ ነበር፤ መሣሪያው ጉዞውን መከታተያ መሆኑ ሲታወቅ ተፈታ።

የሞተ ወፍ በእጅ አትንኩ። በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በእስራኤል ሁላ ሸለቆ ከ5,000 በላይ ክሬኖች በወፍ ጉንፋን ሞተዋል። ብዙ ሆነው ካያችሁ ከሩቅ ፎቶ አንስታችሁ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተናገሩ፤ ውሾችንና ልጆችን አርቁ።

ገበሬዎቹን ሰላም ሳትሉ አትለፉ። ጥር ላይ ሽምብራው ማሳ ላይ ነው፤ ክሬኑ ይወደዋል። ልጆቹ በጅራፍና በወንጭፍ ሲያባርሩት ያያችሁ እንደሆነ ተቆጥታችሁ ስለ ወፍ ፍቅር አትስበኩ፤ የሚበላው የእነሱ ሽምብራ ነው። ጠይቋቸው። ወፎቹ ትናንት የት እንዳደሩ፣ ምን እንዳስነሳቸው ከእረኞች የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የቆጠራው ቅጽ ላይ ቦታ፣ ቀን፣ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ሰዓት፣ የውሃው መጠን፣ የረበሸ ነገር ይገባል። ሄዳችሁ ያጣችሁትን ወፍ 0 ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶ የተተወ መስመር አልተቆጠረም ማለት ነው። ረግረግ ቦታዎችን ለመጠበቅ አገሮች በተፈራረሙት የራምሳር ስምምነት አንድ ቦታ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አለው ከሚያሰኙት መስፈርቶች መካከል 20,000 የውሃ ወፍ ወይም ከአንድ ዝርያ ሕዝብ 1 በመቶውን በየጊዜው መያዙ ስለሚገኝበት፣ ማሳመርም ማሳነስም ቦታውን ይጎዳል። አንድ ዓመት ውሃው ሸሽቶ የክሬኑ መስመር ላይ 0 ስጽፍ ቅጹን የተቀበለኝ ሰው «ካለፈው ዓመት ጋር እንዲቀራረብ ትንሽ ብናደርግበትስ?» አለኝ። እንዳለ ተውኩት።

ቅጹን ስትልኩ ግልባጩን በደብተር አስቀሩ። የቆማችሁበትንም ቦታ ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ፤ እኔ ከግራሯ ሥር ነው የምቆመው፣ በሚቀጥለው ጥር ጉልበቴ እምቢ ቢል የጎረቤቴ ልጅ እዚያው ቆማ ትቁጠር።