ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ምን ብትሉ ይሻላል?

ለቅሶ መድረስ ላይ እኛን የሚያስተምር የለም። እድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ እኛም "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብለን ቁጭ እንላለን። ይሄ ለሰው ማዘን ነው፣ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለሐዘንተኛዋ አዝነንላትም የእሷ ሐዘን ምን እንደሚመስል ላይገባን ይችላል። እንዲገባን ከፈለግን ጠይቀን መስማት አለብን።

ስለዚህ መጀመሪያ ምክሩን ተዉት። "በቃ አታልቅሺ"፣ "እሳቸው እኮ ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት" አትበሉ። እናት በሰማንያ ዓመቷም ብትሞት እናት ናት፣ በየጠዋቱ ደውላ "ቁርስ በላሽ ወይ?" የምትል ከነበረች ደግሞ ልጅቷ ነገ ጠዋትም ስልኩን ማየቷ አይቀርም። "እኔም አባቴ የሞተ ጊዜ..." ብላችሁ ወሬውን ወደ ራሳችሁ አትውሰዱት፣ ካልጠየቀቻችሁ በቀር። ይልቅ "እስቲ ስለ እማማ አጫውቺኝ" በሏት። ካወራች ስሟት፣ ዝም ካለችም አብራችኋት ዝም በሉ።

"የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውይልኝ" የምንለው ከልባችን ነው፣ ግን ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚያስፈልገውን እንኳ አያውቀውም። "ሰኞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣቸዋለሁ" ማለት በጣም ይሻላል።

አሁን ዋናው። ሰልስት ካለፈ በኋላ ዘመድ ወደየቤቱ ይሄዳል፣ ድንኳኑም ይነሳል፣ ቤቱ ጭር ይላል። ለአርባው እንደገና ሰው ይሰበሰባል። በመሃል ባሉት ሳምንታት ግን የሚያንኳኳ የለም፣ እኔ እንደሚመስለኝ በጣም የምታስፈልጉት ያኔ ነው። የመጀመሪያው በዓል ሲመጣም እንዲሁ፣ ዶሮ የምትሠራው እናት ሳትኖር ፋሲካ ሲደርስ ማለቴ ነው። ሟቿን በስሟ ጥሩላት። አስታውሰን እንዳናስለቅሳት ብላችሁ አትፍሩ፣ እሷ መቼ ረሳችና!

አረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች መርዶ ለምትሰማ እህት ደግሞ ድንኳንም ጎረቤትም የለም። ከተቻለ ሥራ መሃል ብቻዋን አትንገሯት፣ እዚያ ያለች ጓደኛዋ አጠገቧ ትሁን። ከዚያ በኋላ በኢሞ ስትደውሉ ስለ ቀብሩ ዝርዝሩን ንገሯት፤ ማን እንደመጣ፣ የት እንዳረፈች፣ ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰ። አልቅሳ እስክትጨርስ ስልኩን አትዝጉ።