የጀርመንን ብሔራዊ ሐውልት እንዴት መመርመር ይቻላል?

ከአንድ የጀርመን ብሔራዊ ሐውልት ፊት ሲቆሙ በቅድሚያ ሐውልቱ የተሠራበትን ዘመን ያጣሩ፤ ጀግናው የኖረበት ዘመን ሁለተኛ ይምጣ። በዴትሞልት አጠገብ፣ በቶይቶቡርግ ደን የቆመው የሄርማን ሐውልት ጥሩ ማሳያ ነው። ሄርማን የተባለው አርሚኒየስ በቫሩስ የሚመሩትን ሦስት የሮማ ሌጌዎኖች የደመሰሰው እ.ኤ.አ. በ9 ዓ.ም. ነው፤ ሐውልቱ የተመረቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1875፣ ጀርመን ፈረንሳይን ድል ነሥታ በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር ከተዋሐደች ከአራት ዓመት በኋላ ነበር።

ቀጥሎም ፊቱ ወዴት እንደዞረ ይመልከቱ። ጠላቱ ሮማ ብቻ ብትሆን ኖሮ ወደ ደቡብ ባየ ነበር፤ እርሱ ግን ሰይፉን አንሥቶ የሚያየው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፈረንሳይ አቅጣጫ ነው። ሰባት ሜትር በሚረዝመው ሰይፍ ላይም «የጀርመን አንድነት ብርታቴ፣ ብርታቴም የጀርመን ኃይል» የሚል ተቀርጿል። አርሚኒየስ ራሱ የሮማ ዜግነት የነበረው፣ በሮማ ሠራዊት ያገለገለና በመጨረሻ በገዛ ዘመዶቹ የተገደለ የኬሩስኪ ነገድ መሪ ስለነበር፣ «ጀርመን» የሚለው ሐሳብ ያሠሪዎቹ ነው።

ከዚያ ከሃይማኖት የተወሰደውን ቅርጽ ይፈልጉ፤ ብዙ ጎብኚ ሳያስተውል የሚያልፈው ይህን ይመስለኛል። በመስቀል ጦርነት ጉዞ ላይ በ1190 ወንዝ ውስጥ የሞተው የጀርመን ንጉሥ ፍሬድሪክ ባርባሮሳ፣ በአፈ ታሪኩ መሠረት፣ ጢሙ በጠረጴዛው ዙሪያ እያደገ በኪፍሆይዘር ተራራ ውስጥ ተኝቶ የመንግሥቱን ትንሣኤ ይጠብቃል። በዚሁ ተራራ ላይ በ1896 የተመረቀው ሐውልት ከታች ባርባሮሳን ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ከላይ የተዋሐደችውን ጀርመን የመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ቪልሄልምን በፈረስ ተቀምጦ ያሳያል። አደራደሩ የትንቢትና የፍጻሜ ነው። የትንቢት ፍጻሜ ተብሎ የቀረበን መንግሥት መተቸት ክሕደት ስለሚመስል፣ ጉዳዩ ከጌጥ በላይ ነበር። ናዚዎችም በ1941 በሶቪየት ኅብረት ላይ ለከፈቱት ወረራ የዚህኑ ንጉሥ ስም ሰጥተዋል።

በመጨረሻ በኋላ የተጨመረውን ይመርምሩ። በሬገንስቡርግ አቅራቢያ የታላላቅ ጀርመናውያን ምስሎች በተሰበሰቡበትና በ1842 በተከፈተው የቫልሃላ ቤተ መቅደስ፣ ስለተቃወመቻቸው ናዚዎች የገደሏት የሶፊ ሾል ምስል የገባው በ2003 ነው። የጦርነትና የጭቆና አገዛዝ ሰለባዎች መታሰቢያ በሆነው በበርሊኑ ኖየ ቫኸ ደግሞ ከ1993 ጀምሮ የሞተ ልጇን የታቀፈች እናት ተቀምጣለች፤ የቀራፂዋ የኬተ ኮልቪትስ ሥራ ስትሆን፣ ቅርጿ ማርያም የሞተውን ክርስቶስን ታቅፋ ከምትታይበት ሥዕል የመጣ ነው። ተቺዎች ይህ የክርስትና ምስል የተገደሉትን አይሁዶች ሊወክል አይችልም፣ ገዳይና ተገዳይንም በአንድ ሐዘን ይጠቀልላል ብለው ተቃወሙ፤ የተጎጂዎቹን ወገኖች ለይቶ የሚጠራ ጽላት በመግቢያው የተሰቀለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ወደ ውስጥ ከመዝለቅዎ በፊት ጽላቱን ያንብቡ።