ቆርኪዎቹን መቼ ላውጣ? በማጂክ ካርድ የቶከንና የመከላከያ ድግምት አጨዋወት

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማጂክ የምንጫወት ስድስት ሰዎች ነን። እሁድ ከሰዓት ኮሙናሉ ጋ እንገናኛለን። መብራት ካለ ውስጥ፣ ከሌለ በረንዳው ላይ። ከስድስታችን አራታችን የምንሸነፈው በአንድ ምክንያት ነው። ቶከን የሚያወጣውን ካርድ እጃችን እንደገባ እንጥለዋለን፣ መከላከያውንም ገና ሳይጨንቀን እንጨርሰዋለን። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ሙሉ እንደዚያ ስሸነፍ ነው የከረምኩት። ስለዚህ እዚህ የማወራው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ መቼ።

ለአዲሶች በአጭሩ ልበል። ማጂክን የሠራው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው ነው፤ ጨዋታው የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ነው። ሁለት ሰው ይጫወታል። እያንዳንዱ 20 ነፍስ፣ ቢያንስ 60 ካርድ ያለው ዴክ፣ ሲጀመር ደግሞ እጁ ላይ 7 ካርድ አለው። በየተራህ አንድ ላንድ ታወርዳለህ። ላንዱን ስታጋድመው ማና ይሰጥሃል፣ ማናው ደግሞ የድግምት መክፈያህ ነው። የሚያጠቃ ፍጡርም ይጋደማል። የተጋደመ ነገር ሁሉ የሚነሳው የራስህ ተራ ሲመለስ ነው። ይህችን ነገር ያዛት፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ፍጡር ላይ 1/1 ወይም 3/2 የሚል ታያለህ። ፊተኛው ቁጥር የሚመታው፣ ኋለኛው የሚችለው ዱላ ነው።

አሁን ወደ ቶከን። ቶከን ከዴክህ የሚመዘዝ ካርድ አይደለም። ሌላ ካርድ የሚወልደው ፍጡር ነው። ለምሳሌ ሬይዝ ዘ አላርም የሚባለው ነጭ ካርድ በሁለት ማና ሁለት 1/1 ወታደር ያወጣልሃል። ድራጎን ፎደር የሚባለው ቀይ ካርድም በሁለት ማና ሁለት 1/1 ጎብሊን ያወጣል። ዋጋቸው እኩል፣ የሚያወጡት ቁጥርም እኩል። ግን የመጀመሪያው ኢንስታንት ነው፣ ሁለተኛው ሶርሰሪ። ሶርሰሪ በራስህ ተራ፣ ያውም ውጊያ በሌለበት ሰዓት ብቻ ነው የሚጣለው። ኢንስታንት ግን በተጋጣሚህ ተራም፣ በውጊያ መሐልም ይጣላል። እኔን ብትጠይቀኝ የቶከን ጨዋታ ግማሹ ይኼ ልዩነት ነው።

ቶከን ካርድ ስለሌለው የሚወክለው ነገር ያስፈልጋል። እኛ የምንጠቀመው ቆርኪ ነው። ዳማ የተጫወተ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ እዚያ አንዱ ቆርኪውን በፊቱ፣ ሌላው ገልብጦ ይደረድራል። እኛ ደግሞ ቀና ያለችዋን የቆመች፣ የተገለበጠችዋን የተጋደመች አልናት። የቢራ ቆርኪ ለወታደር፣ የለስላሳ ቆርኪ ለበራሪ መንፈስ። አዲስ የወጡትን ደረቴ ጋ አስጠግቼ ለብቻ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ገና የመጣ ፍጡር በዚያው ተራ ማጥቃት አይችልም። ብሎክ ማድረግ፣ ማለትም አጥቂ ፊት ቆሞ ዱላውን መመከት ግን ይችላል። አንድ ጊዜ ቆርኪ ጠፍቶ በቆሎ ተጫወትን፣ የገብስ ቆሎ። ጨዋታው ሞቅ ሲል ሁለት ወታደሮቼን እያሰብኩ ቃምኳቸው። ተጋጣሚዬ ሳቁን ሲጨርስ «ራስህ ገደልካቸው» ብሎ ቆጠረብኝ። ቆርኪ ይሻላል።

አንድ ሌላ ነገር። ቶከን ከሜዳ ከወጣ በቃ፣ የለም። አንሰመን በአንድ ሰማያዊ ማና አንድን ፍጡር ወደ ባለቤቱ እጅ የሚመልስ ካርድ ነው። ለተራ ፍጡር ብትጠቀምበት ባለቤቱ መልሶ ይከፍልና ያወርደዋል። ቶከን ላይ ከጣልከው ግን ፍጡሩ እስከ ወዲያኛው ይሄዳል። ተጋጣሚህ ትልቅ ቶከን ካለው አንሰመንህን ለሱ አስቀምጥ።

ወደ መቼው ልመለስ። ሬይዝ ዘ አላርም እጅህ ላይ አለ እንበል፣ ሁለት ላንድ ቆመዋል። በራስህ ተራ አትጣለው። አትጣለው! ላንዶቹን ቁጭ አድርገህ ተራውን አሳልፍ። ከዚያ ሁለት ጥሩ ሰዓት አለህ።

አንደኛው ተጋጣሚህ ማን እንደሚያጠቃ ከተናገረ በኋላ፣ አንተ ብሎክ ከመናገርህ በፊት ያለችው ክፍተት ናት። ሜዳህ ባዶ ስለመሰለው 2/1 ፍጡሩን ይልካል። ያኔ ሁለቱን ወታደር ታወጣለህ፣ አንዱን ፊቱ ታቆመዋለህ። ሁለቱም ይሞታሉ፣ አንተ ግን አንድ ወታደር ተርፎሃል። የመጣው 3/2 ከሆነ ሁለቱንም አቁምበት፤ ሁለቱ ተጋግዘው ይገድሉታል፣ እሱም ሁለቱን ይገድላል። አንድ ካርድ በአንድ ካርድ፣ አልከሰርክም። ብሎክ ከተነገረ በኋላ ካወጣሃቸው ግን ቆመው ያያሉ እንጂ አይገቡበትም። ይህን ስህተት ስንቴ እንዳየሁት!

ሁለተኛው ሰዓት የተጋጣሚህ ተራ መጨረሻ ነው። እሱ በምንም ካላጠቃህ፣ ተራውን ሊጨርስ ሲል አውጣቸው። ተራው ወዳንተ ሲመጣ ወታደሮቹ ሜዳ ላይ ነበሩና ወዲያው ያጠቃሉ። በራስህ ተራ ብታወጣቸውም የሚያጠቁት በዚያው በሚቀጥለው ተራህ ነው፣ ግን ተጋጣሚህ አይቷቸው፣ አስቦባቸው፣ ምናልባትም ገድሏቸው። ሴኪዩር ዘ ዌስትስ የሚባለው ካርድ ደግሞ ለዚህ ሰዓት የተፈጠረ ነው። አንድ ነጭ ማና ትከፍላለህ፣ ከዚያ የጨመርከው ማና ሁሉ ለእያንዳንዱ አንድ 1/1 ተዋጊ ይሆናል። ስድስት ላንድ ካለህ አምስት ተዋጊ፣ ያውም በሰው ተራ መጨረሻ።

ስለ ብሎክ ማድረግ አንድ ምክር አለኝ፣ ብዙ ሰው አይቀበለውም። ነፍስህ 20 ሆኖ 3/3 ሲመጣብህ ቶከን አታስገድል። ተመታ። ከ20 ወደ 17 መውረድ ምንም ማለት አይደለም፤ 1 ነፍስ ያለው ሰውና 20 ነፍስ ያለው ሰው እኩል ካርድ ይስባሉ፣ እኩል ያጠቃሉ። ቶከንን ለሞት ብቻ ፊት የምታቆመው ያ ዱላ የሚጨርስህ ወይም ለሚቀጥለው ተራ የሚያጋልጥህ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ አንዲት ቆርኪ የ6/6ን ሙሉ ዱላ ትውጣለች። ትራምፕል የሚል ከተጻፈበት ግን ተጠንቀቅ። 6/6 ትራምፕል አንዲቷን ገድሎ የቀረውን 5 አንተ ላይ ያሳርፈዋል። በራሪንም መሬት ላይ ያለ ወታደር አይደርስበትም። ለዚያ ሊንገሪንግ ሶልስ አለ፣ በሦስት ማና ሁለት በራሪ 1/1 መንፈስ፤ ጥቁር ማና ካለህ ደግሞ ከመቃብር፣ ማለትም ያለቁ ካርዶች ከሚቆለሉበት፣ በሁለት ማና አንዴ መልሰህ ትጠቀምበትና ሌላ ሁለት ይጨምርልሃል።

አሁን የምወደው ክፍል። ፎግ በአንድ አረንጓዴ ማና የዚያን ተራ የውጊያ ጉዳት በሙሉ ያስቀራል። ሆሊ ዴይ ያንኑ በአንድ ነጭ ማና ያደርጋል። ብዙ ሰው «የፈሪ ካርድ ነው» ይላል። አንድ ተራ ብቻ ያቆይሃል፣ ከዚያስ? ይላሉ። ቶከን በሌለበት ዴክ ትክክል ናቸው። ቶከን ባለበት ግን ሆሊ ዴይ የማጥቂያ ካርድ ነው።

እንዴት? ታክሲ ላይ ረዳት የሆነ ጎረቤት አለኝ፣ ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስበትም። ባለፈው እሁድ እሱ 12 ነፍስ ነበረው፣ እኔ 6። እኔ ስድስት ወታደር በቆርኪ፣ እሱ ቀይና አረንጓዴ ይዞ 5/5፣ 4/4 እና ሁለት 3/3። ላንዶቹን ሁሉ አጋድሞ ፍጡር ያልሆነ አንድ ነገር አወረደ፣ ከዚያ ዓይኑን ቆርኪዎቼ ላይ አዞረ። አራቱ አጥቂዎቹ ፊት አራት ቆርኪ ባስቀምጥ ሁለት ይቀሩኛል፣ ሁለት ወታደር ምን ያደርጋል? አራቱንም ላከ። «ብሎክ የለም» አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። 15 ጉዳት ነው፣ እኔ ያለኝ 6። ከዚያ ሆሊ ዴይን ዘረጋሁለት።

ተራው የኔ ሆነ። የሱ አራት ፍጡሮች ተጋድመዋል፣ ምክንያቱም የሚነሱት በሱ ተራ ነው። ብሎክ የሚያደርግለት አንድም የለም። ግሎሪየስ አንተም የሚባለውን ባለ ሦስት ማና ካርድ አወረድኩ፤ የኔን ፍጡሮች በሙሉ በአንድ በአንድ ያሳድጋል። ስድስት ወታደር፣ እያንዳንዱ 2። አስራ ሁለት። ረዳቱ እኔ ሳልቆጥር ነው ካርዱን የሰበሰበው።

ይህን ስታደርግ የተጋጣሚህን የቆሙ ላንዶች ቁጠር። እሱ ላንዱን ጨርሶ ስለነበር ነው ብሎክ ሳላደርግ የደፈርኩት። ሰማያዊ የሚጫወት ሰው ሁለት ሰማያዊ ላንድ አቁሞ ከላከብህ ካውንተርስፔል ሊሆን ይችላል፣ ሆሊ ዴይህን ያከሽፈዋል፣ አንተም እዚያው ትሞታለህ። እንደዚያ ካለ መጀመሪያ በሕይወት የሚያቆይህን ያህል ብሎክ አድርግ። ደግሞ ሆሊ ዴይን አጥቂዎቹ እንደተነገሩ አትጣለው። ብሎክ እስኪያልፍ ጠብቅ። ተጋጣሚህ ፍጡሩን በጃያንት ግሮውዝ 3/3 ሊጨምርበት ይችላል፣ ይጨምር፣ ካርዱን ያባክን፤ ከዚያ አንተ ታወጣለህ። የውጊያ ያልሆነ ጉዳት ግን አያስቆምም። 2 ነፍስ ቀርቶህ በቀጥታ 2 የሚመታውን ሾክ ከጣለብህ ሆሊ ዴይ ምንም አይረዳህም።

መከላከያ ድግምት በጠቅላላው የሚሠራው በመልስ ነው። ድግምት ሲጣል ወዲያው አይሠራም፣ ይደረደራል፤ ሌላው ሰው በላዩ ሊጥልበት ይችላል። ሞሰብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ አስበው። መጨረሻ የገባችው ከላይ ናት፣ መጀመሪያ የምትነሳውም እሷ። ተጋጣሚህ ዱም ብሌድ የሚባለውን ጥቁር ካርድ ጥሎ ዋናውን ፍጡርህን ሊገድል ሲል ጎድስ ዊሊንግን በላዩ ትጥላለህ፣ አንድ ነጭ ማና ናት፣ «ከጥቁር ይጠበቅ» ትላለህ። የአንተ ቀድሞ ይሠራል፣ የሱ ዒላማ ያጣና ይከሽፋል። ታዲያ ጎድስ ዊሊንግን ለአንዲት ቆርኪ አታባክናት።

የቶከን ዴክ እውነተኛ ጠላት ሁሉን በአንዴ የሚጠርግ ካርድ ነው። ፓይሮክላዝም በሁለት ማና እያንዳንዱን ፍጡር 2 ይመታል። አንድ ግሎሪየስ አንተም ብቻ ካለህ ወታደሮችህ 2/2 ናቸው፣ ያልቃሉ። ሁለት ካለህ 3/3 ሆነው ይተርፋሉ። ራዝ ኦፍ ጎድ ደግሞ በአራት ማና ሁሉንም ያጠፋል፤ ጎድስ ዊሊንግም አያድንህም፣ ምክንያቱም ራዝ ኦፍ ጎድ ማንንም ለይቶ አያነጣጥርም። ስለዚህ ነጭ የሚጫወት ተጋጣሚህ አራተኛ ላንዱን ሲያወርድ እጅህን አትጨርስ። ሜዳ ላይ ያለው ቆርኪ ለማሸነፍ እየበቃ ከሆነ የቀረውን ያዝ። ሁሉንም ይጥረግ። እሱ ተራውን ሊጨርስ ሲል ሬይዝ ዘ አላርምን ታወጣና ባዶ ሜዳ ላይ በሚቀጥለው ተራ ትሄድበታለህ።

ሌላው ጥሩ ነገር ኢንታንጀብል ቨርቹ ነው፣ ሁለት ማና። ቶከኖችህን በአንድ ያሳድጋል፣ ቪጂላንስም ይሰጣቸዋል። ማለትም አጥቅተው አይጋደሙም። ቆርኪህን ሳትገለብጥ ታጠቃለህ፣ በሱ ተራ ደግሞ ያው ቆርኪ ቆሞ ይጠብቅሃል። እኔ ጎረቤቴ ላይ የሠራሁት ተንኮል አንተ ላይ እንዳይሠራ ከፈለግህ ይኼን ካርድ ያዝ።

አንዳንዴ ደግሞ እጅህ ላይ ምንም አይኖርም። ቢሆንም ሁለት ነጭ ላንድ አቁመህ ተራህን አሳልፍ። አንዴ በወታደር የተመታ ሰው ሁለት የቆመ ላንድ ባየ ቁጥር 2/1ዱን ከመላኩ በፊት ያመነታል። ፊትህን ብቻ ጠብቅ። የኔ ችግር እሱ ነው፣ ባዶ እጅ ስይዝ ሻዬን አብዝቼ እጠጣለሁ፣ አሁን ሁሉም ነቅተውብኛል።

ዴኩን ስትሠራ እኔ የምይዘው እንዲህ ነው፤ 24 ላንድ፣ 16 ያህል ቶከን የሚያወጣ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ኢንስታንት፣ 7 የሚያሳድግ፣ 6 መከላከያ፣ የቀረው 7 ተራ ፍጡር። ካርዱ ከሌለህ ከእኛ እንደ አንዳንዶቹ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመህ በተራ ካርታ ላይ ማጣበቅ ትችላለህ። ለጓደኛ ጨዋታ ይበቃል፣ ይፋዊ ውድድር ላይ ግን አይፈቀድም። ከመሠረታዊ ላንድ በቀር ከአንድ ካርድ እስከ አራት ኮፒ ይፈቀዳል፣ ሆሊ ዴይን ግን ሦስት ብቻ ነው የማስገባው። አራት ሳስገባ በመጀመሪያው እጄ ሁለት እየመጡብኝ፣ ወታደር ሳይኖረኝ ተራ እየገዛሁ ቁጭ እል ነበር።