ለሥራ ወደ ጅማ ልሂድ ወይስ ልቅር? እንዴት እንደምትወስኑ

ከአዲስ አበባ ጓዜን ጠቅልዬ ጅማ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ "ጅማ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?" ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አይጠፋም። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ ነው። አንዷን ባንኩ አዛውሯታል። ሌላውን ፋብሪካ ጠርቶታል። አንዳንዱ ደመወዙን ብቻ ያያል። አንዳንዱ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በፎቶ አይቶ ልቡ ተነሥቷል።

እኔ ለሁሉም የምለው አንድ ነው። ጠዋት ሥራ ገብታችሁ፣ ማታ ዝናብ እየጣለ ቤታችሁ እንዴት እንደምትመለሱ ሳታዩ አትወስኑ። ጅማን እወዳታለሁ። ለእናንተ ትስማማለች አትስማማም የሚለው ግን የሚታወቀው በተራ የሥራ ቀን ነው። እኔ ብጀምር እንዲህ ነበር የማደርገው።

1. የቅጥር ደብዳቤውን ዘርዝራችሁ አንብቡ

መጀመሪያ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ እጃችሁ ላይ የሚደርሰውን አስሉ። ከዚያ የቤት አበልና የትራንስፖርት አበል አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የጓዝ ማንሻውን በተለይ በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ ስመጣ "አለ፣ አታስብ" የተባልኩት በቃል ነበር። ዕቃዬን ጭኜ ከደረስኩ በኋላ "እንዲህ ዓይነት ነገር የለም" አሉኝ። የአይሱዙውን ሒሳብ ከኪሴ ከፈልኩ።

የሙከራ ጊዜውንም እዩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ይህ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ሦስት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው። በዚህ ጊዜ አሠሪው "ለቦታው አልሆንክም" ካለ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ማሰናበት ይችላል። ስለዚህ እነዚያ ቀናት ሳያልቁ የአዲስ አበባውን ቤት አትልቀቁ፤ ልጆችንም ከትምህርት ቤት አታስወጡ። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነውና የእናንተን ከሰው ኃይል ክፍሉ ጠይቁ።

አንድ ነገር ይረሳል። ሥራው ጅማ የት ነው? የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ሌላ፣ የቴክኖሎጂው ኪቶ ፉርዲሳ ሌላ፣ የግብርና ምርምሩ መልኮ ሌላ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሌላ ነው። ቤት የምትፈልጉበት ሰፈር የሚወሰነው በዚህ ነው።

2. አንድ ሳምንት ኑሩባት፣ ከተቻለ በክረምት

ለጉብኝት የመጣ ሰው ጥቅምት ላይ ይመጣና ሰማዩ ጠርቶ፣ ቡናው ቀልቶ ያያል። እናንተ ሐምሌ ላይ ኑ። የጅማ ዝናብ ለክረምት ብቻ የተቀጠረ አይደለም። ከመጋቢት ግድም ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጥላል። ከተማዋ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ትሞቃለች። ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ግድግዳ ይሻግታል። አገሩን ሁሉ አረንጓዴ ያደረገው ግን ይኸው ዝናብ ነው። እኔ ለምጄው አሁን የአዲስ አበባ አቧራ ይከብደኛል። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል።

በአውሮፕላን መምጣት ይቻላል፤ ከቦሌ አጭር በረራ ነው። እንዲያም ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና ኑ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በቅርቡ ከሄደ ሰው አጣሩ። ርቀቱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ግቤ ሸለቆ ትወርዳላችሁ፣ ትሞቃላችሁ፣ ከዚያ ማዶውን ትወጣላችሁ። ይህን መንገድ በአካል እወቁት። ምክንያቱም ሌሊት "እናትህ ታማለች" የሚል ስልክ ሲመጣ አውሮፕላን የለም። ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም።

ስለዚህ አንድ ሌሊት ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። ገና፣ ፋሲካ፣ ኢድ፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የወላጆች ሕክምና። በዓመት ስንት ጊዜ ትመላለሳላችሁ? የሁሉንም የትራንስፖርት ወጪ ደምሩና ለ12 አካፍሉት። ከደመወዝ ጭማሪው ላይ የሚቀነስ ወርኃዊ ወጪ እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያሰላ መጥቶ፣ ጭማሪው መንገድ ላይ አልቆበታል። የአዲስ አበባ ዕድራችሁን ደግሞ አታቋርጡ። እዚህ ስትገቡ የሰፈሩን ዕድር ጨምራችሁ ግቡ። ሁለት ዕድር መክፈል ብክነት ሊመስል ይችላል። እኔ አባቴን ስቀብር በሁለቱም በኩል ሰው ቆመልኝ።

3. ቋንቋውን በግልጽ ተነጋገሩበት

ይህን ብዙ ሰው በለሆሳስ ያልፈዋል። ጅማ ኦሮሚያ ውስጥ ናት፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ከተማ ውስጥ በአማርኛ ትኖራላችሁ፤ ገበያውም ታክሲውም ይሰማችኋል። ቀበሌ ስትሄዱ፣ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ፣ ከከተማ ወጣ ስትሉ ግን ቋንቋው ያስፈልጋችኋል። የምትቀጠሩት የክልል መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ገና ሳትፈርሙ ጠይቁ።

የልጆች ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ትምህርት ቤቱ በየትኛው ቋንቋ ያስተምራል? ልጁ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ከሆነና ቁቤን ጭራሽ ካላወቀ ዓመቱ ይከብደዋል። ሕፃን ከሆነ አታስቡ፤ ከእናንተ ቀድሞ ይናገራል። የእኔ ትንሿ ልጅ አሁን ጎረቤት ስሄድ አስተርጓሚዬ ናት። በዚያች የሙከራ ሳምንታችሁ ሁለት ትምህርት ቤት በአካል ሂዱና ዳይሬክተሩን ሳይሆን ልጁን ያስገባ አንድ ወላጅ በር ላይ አነጋግሩ።

እናንተስ? ከመምጣታችሁ በፊት ሠላሳ ቃል ያዙ። ጠዋት የሰፈሩን አዛውንት "አካም ቡልታን" በሉ። ዋጋ ስትጠይቁ "ሜቃ"፣ ስታመሰግኑ "ገላቶማ"። ሰው ፊቱ ሲፈካ ታያላችሁ። ሊማር የፈለገን እንግዳ ጅማ እጁን ይዛ ታስገባለች። ዓመታት ኖሮ ሰላምታ እንኳ ያልለመደ ሰው ደግሞ "ሰዉ አይቀርብም" ሲል ሰምቼ አዝኛለሁ።

4. ታሪኩን በልኩ መዝኑት

ታሪካዊ ከተማ መኖር ደስ ይላል፤ ደስታው ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ቢሆንም አንድ ከሰዓት ለጅሬን ስጡ። ከመሀል ከተማ በባጃጅ ወይም በታክሲ ትወጣላችሁ። የእንጨቱ ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። ለዳግማዊ ምኒልክ ገብረው የጅማን የውስጥ አስተዳደር በእጃቸው አቆይተዋል። ከኮረብታው በታች የነበረው የሂርማታ ገበያ ሲራራ ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚወርድበት ነበር። የዛሬዋ ከተማ ያደገችው በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው። ሐሙስ ገበያ ውጡ፤ ደስታው አሁንም አለ።

ይህን የማነሳው ለሥራችሁ ስለሚጠቅም ነው። ጅማ እንግዳ መቀበል የጀመረችው ትናንት አይደለም። ከነጋዴው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 የግብርና ትምህርት ቤት፣ በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከየክልሉ የመጣ መምህር፣ ሐኪምና ተማሪ በየሰፈሩ አለ። "ከየት መጣህ?" ይሏችኋል፣ ቡና ይቀዱላችኋል።

"ትንሽ ከተማ" የሚለው ቃል ደግሞ አያታላችሁ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 120,960 ሰው ነበራት፤ ዛሬ በዓይን እንደሚታየው በጣም ሰፍታለች። ትንሽነቷ የሚሰማችሁ በሌላ በኩል ነው። ሥራ ብትለቁ በሙያችሁ ሌላ ቀጣሪ ማግኘት ይከብዳል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በመስካችሁ ከአሠሪያችሁ ሌላ የሚቀጥር ድርጅት እንዳለ ሦስት ስም መጥራት ካልቻላችሁ፣ የመመለሻ ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡ። የትዳር ጓደኛችሁም ሥራ የሚያገኝ መሆኑን በስማ በለው ሳይሆን በማመልከቻ አረጋግጡ።

5. ቤትና ጤና

ደላላ ያሳያችኋል። እናንተ ግን ጎረቤት አንኳኩታችሁ "ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? መብራትስ? ክረምት ጭቃው እስከ የት ይደርሳል?" በሉ። አዌቱ ወንዝ ዳር ከሆነ የጎርፉን ነገር ጨምሩ። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። በክልል ከተሞች ላይ የሚተገበርበትን የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ እዚህ እንዴት እንደሆነ ቀበሌ ጠይቁ።

ሕክምናው ያሳስባችሁ ይሆናል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የደቡብ ምዕራቡ ሕመምተኛ ሁሉ የሚላክበት ነው። ዘወትር የሚከታተላችሁ ልዩ ሐኪም ካለ ግን መድኃኒታችሁን ጽፋችሁ ፋርማሲ ዞራችሁ ጠይቁ። አጎበር ይዛችሁ ኑ፤ ወባ አለ።

6. ቀን ቆርጣችሁ ወስኑ

ከሳምንቱ በኋላ ቤት ተመልሳችሁ እናንተም የትዳር ጓደኛችሁም ለየብቻ ጻፉ። "ሦስት ዓመት እዚህ ብንኖር የሚቆጨን ምንድን ነው? ባንሄድስ?" ከዚያ ተለዋወጡ። አንዳችሁ የጻፋችሁትን ሌላችሁ አስባችሁት የማታውቁ ከሆነ ለአሠሪው አንድ ሳምንት ጨምር በሉት። ብዙዎቹ ይሰጣሉ።

መልሱ "እንሄዳለን" ከሆነ በሙከራው ጊዜ አንዳችሁ ብቻ ኑ። ፍራሽ፣ ምጣድ፣ አጎበርና የዝናብ ጫማ ይበቃል። አልጋና ቁም ሳጥን ከአዲስ አበባ አትጫኑ። ከሙከራው በኋላ እዚሁ ታሠሩታላችሁ፤ የጅማ እንጨት ሠሪዎች እጅ የታወቀ ነው። ባለሦስት እግሩን በርጩማ ግን የመጀመሪያው ቀን ግዙ። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ መቀመጫ ያስፈልገዋል።