የ77ቱን ረሃብ ስንተርክ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን በትምህርት ቤት «አገራችሁ ምግብ አለ?» ተብለው ይጠየቃሉ። ጥያቄው ሥር አለው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ በሰሜን ኢትዮጵያ ከኮረም የረሃብተኞች መጠለያ ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። እርዳታም አመጣ። ግን የአንድ መጠለያ ምስል የመላው አገር መልክ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት መደበቅ ነው። ልጁ ሲጠይቅ «ተወው፣ እኛ ቅኝ ያልተገዛን ሕዝብ ነን» ብለን ወደ አክሱምና ዓድዋ እንሸሻለን። ክብራችንን የጠበቅን ይመስለናል። ይህ ዓይነቱ ዝምታ ግን ሰው ጨርሷል። በ1965 እና 66 የወሎ ረሃብ ተሸፋፍኖ ነበር። ንጉሡን በዚያ የወነጀለው ደርግ ራሱ፣ መስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር ሰሜኑ በረሃብ እያለቀ ነበር። የሞቱት ወገኖቻችን ናቸው። ለገጽታ ብለን ከታሪክ ልናወጣቸው አይገባም።

ሁለተኛው «ዝናብ ጠፋ» ብሎ ማቆም ነው። ድርቁ እውነት ነው። ጦርነቱም እውነት ነው። ትግራይ ውስጥ ገበያዎች በአውሮፕላን ይደበደቡ ነበር። አማጺያን ወደያዙት አካባቢ እህል እንደ ልብ አይገባም ነበር። ይህን ካልነገርን ሰሚው ጥፋቱን ከገበሬው ላይ ይፈልጋል። «ሰነፎች ናቸው» የሚለው ሐሜት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሌላው ነጭ ሲሰጥ አበሻ ሲቀበል ብቻ ማሳየት ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከዚያ ዘገባ ወራት ቀደም ብሎ ለጋሾችን ሲማጸን ነበር። ፊልሙን የቀረጸው ሞሐመድ አሚንም ኬንያዊ ነው።

ባለታሪኩን ሳይጠይቁ ስለ እሱ ማውራትም አለ። በዚያው ሰሞን እንግሊዝ ውስጥ ለእርዳታ የተዘፈነው ዝነኛ ዘፈን፣ እነዚህ ሰዎች የገና በዓል መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ገና በድምቀት የሚከበርባት ላሊበላ ያለችው እዚያው ወሎ ነው! አዘጋጆቹ ልባቸው ቅን ነበር፤ አንድ የወሎ ሰው ቢጠይቁ ግን መልሱን ያገኙት ነበር።

በእኛ ላይ የተደረገውን እኛም በጎረቤት ላይ እናደርጋለን። ስለ ሶማሊያ ስናወራ የባሕር ወንበዴና ቦምብ ብቻ ነው የምናነሳው። ሶማሌዎች በግጥም የታወቁ ሕዝብ መሆናቸውን ልጆቻችን ከእኛ አልሰሙም። በሚቀጥለው ጊዜ ወሬው ሲነሳ ከዚያ እንጀምርላቸው።