የስፖርት አሰልጣኝ መሆን ለምታስቡ፦ ደብተር ያዙ

የግል ስፖርት አሰልጣኝ ሆኜ እንጀራዬን ልብላ ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደንበኛን የሚያቆየው የእናንተ ጡንቻ አይደለም፤ ደብተራችሁ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ደብተር ክፈቱ። በመጀመሪያው ቀን፣ ክብደት ከማስነሳታችሁ በፊት፣ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ አስም፣ የቆየ ጉዳት፣ የሚወስደው መድኃኒት። ካጠራጠራችሁ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ከዚያ በየቀኑ የሠራውን ጻፉ። "ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ 40 ኪሎ፣ 3 ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ፣ ግራ ጉልበቱን ትንሽ አመመው።" በሚቀጥለው ሳምንት "ጉልበትህ እንዴት ሆነ?" ስትሉት ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ።

ጾሙንም መዝግቡ። ይሄን ብዙ አሰልጣኝ ይዘነጋዋል። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ሁዳዴ አለ። ሙስሊም ደንበኛችሁ በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ ውሃም አይቀምስም። ባዶ ሆድ ላይ ከባድ ልምምድ መጫን ሰውን ይጥላል። ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያው አስጠጉ፣ ክብደቱን ቀንሱ። "ፕሮቲን ብላ" ብላችሁም አትለፉ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ እያላችሁ ገበታው ላይ ያለውን ንገሩት።

አዲስ አበባ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ትንፋሽ ቢያጥረው ስንፍና አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀለል አድርጉለት።

ክፍያም እዚያው ይጻፍ፦ የከፈለው፣ የቀረበት ቀን፣ የሚካካስለት። ወር ሲያልቅ ጭቅጭቅ የለም።