ሉሚዛይም ስትበጠብጡ አትቸኩሉ

ኢንፊውዥን ክፍል (መድሃኒት በደም ስር የሚሰጥበት) አዲስ ለገባችሁ ያገሬ ልጆች ነው ይሄን የምፅፈው፣ እንደኔ አንቲባዮቲክ በጥብጦ ባስር ደቂቃ መስቀል ለለመደ ሰው ሉሚዛይም ትዕግስት ያስጨርሳል። ፋርማሲው በጥብጦ የሚልክላችሁ ከሆነ ታድላችኋል፣ ካልሆነ አንብቡ።

መድሃኒቱ ለፖምፔ በሽታ ነው። በዘር የሚመጣ ነው፣ ላይሶዞም (ሴል ውስጥ ያለች የመፍጫ ከረጢት) ውስጥ ግላይኮጅን (የተከማቸ ስኳር) የሚፈጨው ኢንዛይም ስለሚጎድል ግላይኮጅኑ ጡንቻ ላይ፣ ጨቅላዎች ላይ ደሞ ልብም ላይ ይከማቻል። ሉሚዛይም ውስጥ ያለው አልግሉኮሲዴዝ አልፋ የሚባለው ያው የጎደለው የሰው ኢንዛይም ነው፣ የሚመረተው ግን በሃምስተር ሴል ነው (ይገርማል አይደል)። ዞሮ ዞሮ ፕሮቲን ነው፣ እንደ እንቁላል ነጭ አስቡት፣ ከመታችሁት አረፋ ሆነ ማለት ነው።

መጀመሪያ ኪሎ። በየሁለት ሳምንቱ በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው፣ ልጆች ቶሎ ስለሚያድጉ ቻርት ላይ ያለውን የድሮ ኪሎ አትመኑ መዝኑ። 18 ኪሎ ከሆነ 360 ሚሊግራም፣ አንዱ ብልቃጥ 50 ስለሆነ 7.2 ይመጣል፣ ስለዚ 8 ታወጣላችሁ። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ግማሽ ሰአት ያህል ተዉት፣ ቡናችሁን ጠጡ።

ከዛ በየብልቃጡ 10.3 ሚሊ ስቴራይል ውሃ፣ ቀስ ብሎ በብልቃጡ ግድግዳ በኩል፣ ዱቄቱ ላይ ቀጥታ እንዳትለቁበት። እዚች ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ እጃችን የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ መነቅነቅ ስለለመደ ሳናስበው እንነቀንቃለን። መነቅነቅ የለም፣ መገልበጥም የለም፣ ዘንበል አርጎ ቀስ እያሉ ማንከባለል ብቻ። ሲሟሟ በ1 ሚሊ 5 ሚሊግራም ይሆናል፣ ለዛ ልጅ 72 ሚሊ ቀድታችሁ ሳላይን ከረጢቱ ውስጥ ትጨምራላችሁ፣ መጀመሪያ ግን የከረጢቱን አየር አውጡት፣ ፕሮቲኑ ካየር ጋር ሲገናኝ ቅንጣት ይሰራል። መስመሩ ላይ 0.2 ማይክሮን ፊልተር እንዳትረሱ።

ሲጀመር በሰአት በኪሎ 1 ሚሊግራም ነው፣ ልጁ ደህና ከሆነ በየ30 ደቂቃው ወደ 3፣ 5፣ መጨረሻ 7፣ ባጠቃላይ 4 ሰአት አካባቢ። ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ) ሳትወስዱ ፍጥነቱን አትንኩት። አናፊላክሲስ (ለህይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ) ሊመጣ ይችላል ስለዚ ለሱ የሚሰጠው ኤፒነፍሪን መርፌ አጠገባችሁ ይሁን፣ ከንፈር ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው አቁማችሁ ዶክተር ጥሩ።

ልጁ ጉንፋን ወይ ትኩሳት ካለው ሪአክሽኑ የመምጣት እድሉ ይጨምራል፣ ሳትሰኩ በፊት ለዶክተሩ ንገሩ። አንዳንድ እናቶች ደሞ ቀጠሮው እንዳይሰረዝባቸው ብለው አይናገሩም፣ ቀድማችሁ እናንተው ጠይቁ።